‹‹አንቺ ገበሬ!›› ያሰኘው ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት በገባነው ቃል መሠረት ዛሬ ስለ ሁለቱ አብሮ አደጎችና ስለ ሱቃቸው ልንጫወት ነበር። ይቅርታችሁን፤ እሱን ለሳምንት አሳድረነዋል። ማክሰኞ ዕለት አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጠያቂያችን ሠርግ ደርሶባታል፣ ጊዜ የላትም። ነገሩ ደግሞ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል፣ ቆየት ብለው ሲያስቡት ግን ሳቁ ይጠፋል። እንደ ልማዳችን ስም፣ ሰፈርና መሥሪያ ቤት አውጥተን፣ ትንሽም አሳጥረን እነሆ ብለናል።

‹‹ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ከተዋወቅን አራት ዓመታችን፣ ሽማግሌ ከላከ አምስት ወሩ ነው። ሠርጋችን ጥር መጨረሻ ላይ ነው። በመካከላችን ይህ ነው የሚባል ጠብ ኖሮ አያውቅም ነበር።

‹‹እጮኛዬ እናትና አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። ‹እታለም› ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደሱ እላቸዋለሁ። እታለም ጣሊያን አገር ከሄዱ 20 ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ ሚላኖ ነበሩ። በኋላ የሚጦሯቸው ሲኞራ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ተራራው ሲመለሱ አብረዋቸው ሄዱ። ሶንድሪዮ የሚባል ከተማ አጠገብ ነው። ሲኞራዋ ዓምና አረፉ። ከዚያ በኋላ እታለም ሊጠይቁን ሲመጡ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዘው መጥተው ለእጮኛዬ ሰጡት። እሱም ወስዶ ቡፌው ላይ አቆመው። ለኔ የነገረኝ ‹ከእታለም የመጣ ነው› የሚል ብቻ ነው።

‹‹ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሚዜዎቼ ስለ ልብስ ልንመካከር እሱ ቤት ተሰበሰብን። እሱ ፊልድ ወጥቶ ነበር፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አንዷ ‹ይሄ ጠርሙስ ለማን የተቀመጠ ነው?› አለች። አንስቼ ሳየው 2013 ይላል። እውነቴን ነው የምነግርዎት፣ ጊዜው ያለፈበት መስሎኝ፣ ጭራሽ ሳይበላሽ እንጠጣው ብዬ ነው የከፈትኩት። ቀዝቀዝ ይበል ብለን ፍሪዘር ውስጥ ከተትነው። ስንቀምሰው ግን አፍ የሚያደርቅ፣ የሚመር፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር ሆነብን። ኮካ ቀላቀልንበት፤ እሱም አልሆነም። ግማሹ እንደተረፈ ማድቤት ትቼው ሄድኩ።

‹‹እጮኛዬ ሲመለስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነበር። ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እንዴት እንደጠጣነው ስነግረው በሰዎቹ ፊት ‹አንቺ ገበሬ! የእህቴን ላብ በኮካ ጠጣሽው!› አለኝ። አባቴ ገበሬ ነው። ገጠር ተወልጄ ነው ያደግሁት፣ እሱም ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሠርጉ ወጪ ካልሆነ አያናግረኝም፤ ወር ሊሞላን ነው። እታለም ለገና ይገባሉ። አንዷ ሚዜዬ ‹ከሱፐርማርኬት ሌላ የጣሊያን ወይን ገዝተሽ እዚያው አቁሚው፣ እሳቸው ምን ያውቃሉ› ትለኛለች። ጠርሙሱ ላይ ‹ስፎርዛቶ ዲ ቫልቴሊና› ይላል። ለመሆኑ ምን ዓይነት ወይን ነው? እንዲህ የሚያደርግስ ነገር አለው? ምን ባደርግ ይሻለኛል?››

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ የጠርሙስ ጠብ መሰለኝ። ስመለስበት አንዲት ቃል ላይ ቆምኩ፤ እሷን ቃል ቆይቼ እመጣባታለሁ። አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ ካላወቅሽ እታለምን የምትጠይቂው ይቅርታ የአፍ ብቻ ይሆናል።

የሚዜሽን ምክር ግን ከአሁኑ ጣይው። ‹‹እሳቸው ምን ያውቃሉ›› ማለት ምን ማለት ነው? እኚህ ሴት እዚያው ወይኑ የሚበቅልበት ተራራ ሥር ዓመታት የኖሩ ናቸው። ጠርሙሱን ከነቡሹ፣ ከነወረቀቱ ያውቁታል። በሩን ገብተው ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ነው የሚያውቁብሽ። ያኔ ጥፋቱ ወይን መጠጣት መሆኑ ይቀርና ማታለል ይሆናል።

ቫልቴሊና የሸለቆ ስም ነው። ከጣሊያን ሰሜን፣ ሎምባርዲያ ውስጥ፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር ሥር ይገኛል። ሚላኖ ያሉ ወገኖቻችን፣ በተለይ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ባሉት የሐበሻ ቤቶች እንጀራ የሚበሉት፣ መንገዱን ያውቁት ይሆናል፤ ከሚላኖ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተሳፍረሽ የኮሞን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዘሽ ትወጫለሽ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘሽ ሶንድሪዮ ትደርሻለሽ። ጣሊያኖች አረጋዊ የሚጦር ሰው ‹‹ባዳንቴ›› ይላሉ። በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እህቶቻችን ቁጥር ቀላል አይደለም። እታለምም አንዷ ናቸው ማለት ነው።

የአልፕስ ተራራ ሲባል በረዶ እንጂ ወይን የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። እንዴት እዚያ ብርድ ውስጥ ወይን ይበቅላል? ምስጢሩ የሸለቆው አቀማመጥ ነው። የአዳ ወንዝ የሚወርድበት ይህ ሸለቆ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ፣ በሰሜን በኩል ያለው የተራራ ወገብ ፊቱን ወደ ደቡብ ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይሞቃል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከላይ በረዶ፣ ከታች ወንዝ፣ መሐል ላይ ወይን። ከአምስቱ ምርጥ የወይን ቦታዎች አንዱ በበጋ ከሚፋጅ ሙቀቱ የተነሳ ‹‹ኢንፌርኖ›› ይባላል፤ ሲኦል ማለት ነው። (ለቄስ ቤት ድግስ ይህንን ስም የያዘ ጠርሙስ አትውሰዱ፣ ትርጉሙን የሚያውቅ አይጠፋም።)

ችግሩ ተራራው ቀጥ ያለ ገደል መሆኑ ነው። ትራክተር አይወጣውም፣ በሬ አይጠመድበትም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ያደረገው ነገር ቢኖር ድንጋይ መካብ ነው። ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይን በድንጋይ ላይ እያጋጠመ ካብ ይሠራል። በካቡና በተራራው መሐል ያለውን ክፍተት አፈር ይሞላዋል። አፈሩም ቢሆን ከታች ከሸለቆው በጀርባ ቅርጫት እየተሸከሙ ያወጡት ነው፤ ዝናብ ሲያወርደው መልሰው ያወጡታል። ይህ ካብ ተቀጣጥሎ ቢለካ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል ይባላል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሰሽ ብትመለሺ እንኳ ገና ይተርፋል። የኮንሶን እርከን በዓይኑ ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። እንዲህ ያለው የደረቅ ድንጋይ ካብ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሥራው ሁሉ በእጅ ነው። መግረዙ፣ ማሰሩ፣ መልቀሙ። አንድ ሄክታር እርከን በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ ጉልበት ይበላል፤ ሜዳ ላይ ያለና በማሽን የሚሠራ የወይን እርሻ የዚህን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚፈልገው። በለቀማ ጊዜ አንዳንድ ቦታ ሣጥኑን በሰው ጀርባ ማውረድ ስለማይቻል በሄሊኮፕተር ያወርዱታል። ሄሊኮፕተር ሲባል ባለጸጎች እንዳይመስሉሽ። መሬቱ በውርስ ተሸንሽኖ ተሸንሽኖ የብዙዎቹ ድርሻ መሐረብ የምታህል ሆናለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ሥራ ውሎ ቅዳሜ ተራራ የሚወጣው ብዙ ነው። በድሮው ጊዜ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ገበሬው የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ኪራዩን በወይን ይከፍል ነበር። ሸለቆው እ.ኤ.አ. ከ1512 እስከ 1797 በአሁኗ ስዊዘርላንድ በግራውቡንደን ሰዎች ሥር ሲተዳደር፣ ወይኑ በጋማ ከብት ተጭኖ በረዶውን አቋርጦ ወደ ሰሜን ይሻገር ነበር። ዛሬም የስዊስ ሰው ይህን ወይን እንደ ቤቱ ወይን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ፍሬው። የወይኑ ዘር ነቢዮሎ ነው። ፒየሞንቴ ውስጥ ስመ ጥሩውን ባሮሎ የሚሠሩበት እሱ ራሱ ነው፤ የቫልቴሊና ሰው ግን በራሱ ቋንቋ ኪያቬናስካ ይለዋል። ነቢዮሎ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ቀለሙ ሳሳ ያለ ስለሆነ ብርጭቆ ውስጥ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጥርስና ድድ ያደርቃል። ይህን የሚያመጣው ታኒን የሚባል በፍሬው ቆዳና በዘሩ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከተቀዳ ብዙ የቆየ፣ ቅጠሉ ያልወጣለት ሻይ ጠጥተሽ ታውቂ የለ? ምላስሽን ሰብሰብ የሚያደርገው እሱ ነው።

እናንተ የከፈታችሁት ደግሞ ተራ ነቢዮሎ አይደለም። ‹‹ስፎርዛቶ›› ማለት ‹‹የተገደደ›› እንደማለት ነው። ፍሬው እንደተለቀመ አይጨመቅም። ጥሩ ጥሩው ዘለላ ተመርጦ፣ ነፋስ እንደ ልብ በሚገባበት ቆጥ ላይ፣ በሣጥን ወይም በርብራብ ተዘርግቶ ይሰነብታል። እስከ ታኅሣሥ ወር መግቢያ ድረስ፣ በፈረንጆቹ ቢያንስ እስከ ዲሴምበር 1፣ እዚያው ይደርቃል። ዘቢብ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ከክብደቱ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ያጣል። ሰው ዓመቱን ሙሉ ተራራ ላይ ለፍቶ ያመጣውን ፍሬ፣ ግማሽ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቁጭ ብሎ ሲጠፋ ያያል ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ወፍራም፣ ስኳሩ የበዛ ይሆናል። ከዚያ ተጨምቆ ሲብላላ ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል። ለዚህ ነው ከዘቢብ ተሠርቶ የማይጣፍጠው። አልኮሉ በሕጉ ከ14 በመቶ አያንስም፤ ጉሮሮሽን ያቃጠለሽ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ 20 ወር ያርፋል፤ ከዚህ ውስጥ 12ቱን ወር በእንጨት በርሜል። ጣሊያኖች ለወይን የሚሰጡትን ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 አግኝቷል። በዚህ ዓይነት ከደረቀ ፍሬ ተሠርተው ከማይጣፍጡት ቀይ ወይኖች መካከል ደረጃውን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ስም ያለው አማሮኔ እንኳ የመጣው ከሱ በኋላ ነው። ዋጋው እዚያው አገሩ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዩሮ በላይ ነው። ዕለት ዕለት አይከፈትም፤ ዓመት በዓል፣ ክርስትና፣ ሠርግ ሲመጣ ነው ከምድር ቤት የሚወጣው።

2013 ያልሽው፣ ኧረ እህቴ፣ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ነው እንጂ የሚበላሽበት አይደለም! ወተትና ወይን ወረቀታቸው አንድ አይነበብም። ጥሩ ስፎርዛቶ በደንብ ከተቀመጠ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። (በደንብ ከተቀመጠ ነው ያልኩት። ቡፌ ላይ፣ በመስኮት ፀሐይ ሥር፣ ቀጥ አድርጎ ማቆም የወይን ማስቀመጫ አይደለም። በጨለማ፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድሞ ነው። ይህቺኛዋ ለእጮኛሽ ናት።) ይልቅ ያ ዓመት ለእታለም ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። እኔ የመሰለኝ ነገር አለ፤ ግን ግምት ነው፣ እሳቸው ይንገሩሽ።

እንግዲህ ለምን እንደመረራችሁ ገባሽ? በመጀመሪያ ፍሪዘር ከተታችሁት። ቅዝቃዜ ታኒንን ያገነዋል፤ ሽታውን ደግሞ ይገድለዋል። ያ ወይን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው መልኩን የሚያሳየው። አዲስ አበባ በኅዳር፣ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ የዋለ ጠርሙስ ያለ ምንም ፍሪጅ እዚያው ገደማ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ምግብ አልነበረም። ታኒን ሥጋና ስብ ሲያገኝ ይለዝባል፤ ባዶ አፍ ላይ ግን የሚይዘው ሲያጣ የራስን ምራቅ ይይዛል። ሦስተኛ፣ እንደከፈታችሁ ጠጣችሁት። በዚያ ላይ አብዛኞቻችን በልጅነት የቀመስነው ወይን አክሱሚት ነው፣ ጣፋጭ። ቀይ ወይን ሲባል ምላሳችን ስኳር ይጠብቃል። ስለዚህ ‹‹አልጣፈጠኝም›› ማለትሽ የሚያሳፍር አይደለም። የቫልቴሊና ሕፃንም ቢሆን ሲወለድ አልወደደውም።

ስለ ኮካውም ልፍረድ። በኮካ የተቀላቀለ ቀይ ወይን እኛ አዲስ አበባ ውስጥ የፈጠርነው ጉድ አይደለም። ስፔን አገር፣ በተለይ በባስክ ምድር፣ ‹‹ካሊሞቾ›› ብለው ስም አውጥተውለት በየበዓሉ ይጠጡታል። ግን በርካሹ ወይን ነው። ጉደርሽን በኮካ ብትጠጪ ማንም ምንም አይልሽም። ሦስት ወር ደርቆ ሁለት ዓመት ያረፈውን በኮካ ማድረግ ግን፣ እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ የነጠላ ጥለት ቆርጦ የወጥ ቤት መጥረጊያ እንደማድረግ ነው። ባታውቂም ኪሳራ ነው። ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ የሰው ቡፌ ላይ ያለ ነገር ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይከፈትም። ልታገቢው ሦስት ሳምንት ቢቀርሽም እንኳ። እዚህ ላይ ጥፋትሽ ጥፋት ነው፣ አልሸፋፍንልሽም።

አሁን ወደዚያች ቃል።

ወንድሜ፣ ይህንን ጋዜጣ እንደምታነበው ጠያቂያችን በደብዳቤዋ ግርጌ ጽፋልናለች፤ ስለዚህ ላንተም አለኝ። ንዴትህ ይገባኛል። ያሳደገችህ እህት፣ የሰው አገር ስታስታምም ኖራ፣ ያስታመመቻቸው ሴት ሲሞቱ ይዛልህ የመጣችው ነገር ነው። ማድቤት ግማሹ ተከፍቶ፣ የኮካ ጠርሙስ አጠገቡ ቆሞ ስታየው ደምህ ቢፈላ ማንም አይፈርድብህም። ግን ‹‹ገበሬ›› ብለህ ስትሰድብ የምን ገበሬ ነው ያልከው? ከላይ የጻፍኩትን መልሰህ አንብበው። የምትሳሳለት ጠርሙስ ከፋብሪካ አልወጣም። ድንጋይ የሚክብ፣ አፈር በቅርጫት የሚሸከም፣ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ገበሬ ነው የሠራልህ። አባትየው በእርከን፣ እኚያኛው በእርከን። ያቺ ልጅ የእህትህን ላብ አላወቀችም፤ አንተ ግን የአባቷን ላብ እያወቅህ ሰደብከው፣ ያውም ሁለት ሰው በቆመበት።

ለመሆኑ ስለ ጠርሙሱ ምን ነገርካት? ‹‹ከእታለም የመጣ ነው።›› በቃ? ሦስት ቃል ተናግረህ ሰው ሙሉ ታሪኩን እንዲያውቅልህ ትጠብቃለህ? ምናልባት አንተም አታውቀውም ነበር፤ የጣሊያን ወይን መሆኑና ውድ መሆኑ ብቻ ነው የገባህ። እንደሱ ከሆነ ሁለታችሁም አንድ ክፍል ተማሪ ናችሁ። አንተ ቆጥቋጣ ስለሆንክ ሳትከፍተው ቀረህ፣ እሷ ስለከፈተችው ተያዘች።

እንግዲህ እህቴ፣ ምን ታደርጊ?

በሚመጣው እሁድ እታለም ዘንድ ደውዪ። በእጮኛሽ በኩል አይደለም፣ በመልእክትም አይደለም፤ ራስሽ፣ በድምፅሽ። አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት ይሁን። ፊት ለፊት ልንገራቸው ብለሽ ለገና ካቆየሽው በዓሉን ታበላሺባቸዋለሽ፣ እሱም አፉን ሊቀድምሽ ይችላል። ነገር አታስረዝሚ። ‹‹እታለም፣ ያመጡትን ወይን ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ሳልጠይቅም ከፍቼ ከጓደኞቼ ጋር ጠጣሁት። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ›› በይ። ኮካውንም ተናገሪ፤ ዝም ካልሽ ከሌላ ሰው ይሰሙታል። ሊስቁም ይችላሉ። ሊያዝኑም ይችላሉ፤ ካዘኑ ደግሞ ዝም ብለሽ ስሚያቸው፣ ‹‹ሌላ እገዛልዎታለሁ›› የምትለዋን ነገር እንዳትናገሪ። ሲጨርሱ ስለ ሲኞራዋ ጠይቂያቸው። ስለ ቤታቸው፣ ስለ ተራራው፣ ቆጡን አይተውት እንደሆነ። ሰው አገር ኖሮ የመጣን ሰው ‹‹ምን አመጣህ?›› የሚለው ብዙ ነው፤ ‹‹እንዴት ኖርክ?›› የሚለው ግን ትንሽ ነው።

ባዶውን ጠርሙስ አትጣዪው፤ ጥለሽውም ከሆነ ፈልጊው። እጠቢው፣ ወረቀቱን ግን ውኃ አታስነኪ። የተረፈው ወይን ወር ስለሆነው ወደ ኮምጣጤ ሄዷል፣ ለማንም እንዳትቀጂ። ለወደፊቱ ግን ይህን ያዢ፦ የተከፈተ ቀይ ወይን ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሦስት አራት ቀን ይቆያል።

ለእጮኛሽ ደግሞ ከእታለም ስልክ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ እንዲህ በይው። ‹‹ስለ ወይኑ አጥፍቻለሁ፣ እታለምን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፣ አንተንም እጠይቃለሁ። ስለ አባቴ ግን አንተ ነህ ያጠፋኸው።›› ከዚያ ጠብቂ። ይቅርታውን ለብቻው በጆሮሽ ቢያንሾካሹክልሽ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ቃሏን የሰሙት ሁለት ጓደኞቹ ናቸውና እነሱ ባሉበት ይመልሳት። ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ከከበደው ስድቡን ከማለቱ በፊት ነበር ሊከብደው የሚገባው። ይህንን እምቢ ካለ ደግሞ ነገሩን አድበስብሰሽ ቀለበት እንዳታስሪ፤ ሽማግሌ ሆነው ከመጡት መካከል አንዱን፣ የሚያከብረውን ሰው፣ ይዘሽ ተነጋገሩበት። አባትሽ ለሠርጉ ከገጠር መምጣታቸው አይቀርም። ያቺ ቃል ሳትነሳ እሳቸውን ከዚያ ልጅ አጠገብ ማስቀመጥ እኔ በበኩሌ አልመክርሽም።

ምናልባት እታለም ሌላ ጠርሙስ ይዘው ቢመጡ፣ ወይም ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ ቢገባ፣ አከፋፈቱን ልንገራችሁ። ጾሙ ይፈታ። ጠርሙሱ ክፍሉ ውስጥ ይዋል፣ ፍሪጅ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ምግቡ ከመቅረቡ አንድ ሰዓት በፊት ክፈቱት። ብርጭቆው ሰፊ ይሁን፣ ከሲሶው በላይ አትሙሉት። የቫልቴሊና ሰዎች ‹‹ብሬዛኦላ›› ከሚሉት፣ ጨው ተነስንሶበት በነፋስ ከሚደርቅ የበሬ ሥጋቸው ጋር ወይንም ከአሮጌ አይብ ጋር ይቀርቡታል። ብሬዛኦላ የቋንጣችን የሩቅ ዘመድ ነው በሉት። እኛ ቤት ደግሞ ቃሪያና ሚጥሚጣ ያልበዛበት ጥብስ፣ ጎመን በሥጋ፣ ወይም አልጫ ምንቸት ይሄድለታል። ዶሮ ወጥ ግን አይሆንም። ጥፋቱ የዶሮዋ አይደለም፤ በርበሬና 14 በመቶ አልኮል ሲገናኙ አፍ ይነዳል፣ የወይኑም ጣዕም የወጡም ጣዕም ይጠፋል። ዶሮውን በጠላ ብሉት።

አንድ ብርጭቆ ይበቃል። መኪና የሚነዳ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ እርጉዝ የሆነች ሰው አትንካው። የማይወድ ሰውም ካለ አይገደድ፤ ‹‹የተገደደ›› የሚለው ስም ለወይኑ ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም።

እህቴ፣ ከስልኩ በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን። ያ 2013 ምን እንደነበረም፣ እሳቸው ከፈቀዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለተላለፈው የሁለቱ አብሮ አደጎች የሱቅ ጠብ እንመለሳለን። ‹‹ሚስቴ ደሞዟን ትደብቀኛለች›› ብለህ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ደብዳቤህ ደርሶናል፤ ግን የራስህን ደሞዝ ስንት እንደሆነ ሳትነግረን ነው የላክኸው፣ እሱን ጨምረህ ጻፍልን። ቸር ሰንብቱ።